እረኛ ምን አለ? ግልጽ ደብዳቤ በስደት አገር ላሉ ሰበካ ጉባኤዎቻችን

ይድረስ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በሌላውም የስደት አገር ለምታገለግሉ የአጥቢያ አስተዳዳሪዎችና የሰበካ ጉባኤ አባላት

አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ይህን የምጽፈው ዳር ቆሜ ለመተቸት አይደለም። እናንተ የተቀመጣችሁበት ወንበር ላይ 9 ዓመት ተቀምጫለሁ። 6ቱን ዓመት ጸሐፊ ነበርኩ። ቃለ ጉባኤ ጽፌያለሁ፣ ማኅተም ይዤያለሁ፣ ከቅዳሴ በኋላ ምድር ቤት ወርጄ ወንበር ደርድሬያለሁ፣ ከባንክና ከኢንሹራንስ ጋር ተጨቃጭቄያለሁ። ሥራው ምን ያህል እንደሚያደክም አውቃለሁ። ደመወዝ የለውም፤ ምስጋናውም ትንሽ ነው። ሳምንቱን በሁለት ሥራ ሲሮጥ ከርሞ እሑዱን ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ሰው አከብራለሁ። ስለዚህ የምጀምረው ከእናንተ ጥፋት ሳይሆን ከራሴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው።

አጥቢያችን ለብዙ ዓመታት የራሱ ሕንፃ አልነበረውም። ከፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ተከራይተን ነበር የምንቀድሰው። ሌሊት 10 ሰዓት እንገባለን፤ መጋረጃችንን ዘርግተን፣ ሥዕላችንን ሰቅለን፣ ቀድሰን፣ እነሱ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ስለሚገቡ ሁሉንም አጣጥፈን እንወጣለን። የጭሱ ደወል እንዳይጮህ ዕጣኑ እንኳ በልክ ነበር የሚጤሰው። እንዲህ የኖረ ሰው "የራሳችን ቤት" የሚለው ቃል እንዴት ልብ እንደሚያሞቅ ያውቃል። ከከተማው ወጣ ያለ፣ ሰፊ ፓርኪንግ ያለው፣ ዋጋውም የሚቀመስ ሕንፃ ሲገኝ ሁላችንም ተደሰትን። ቀብድ ከፈልን። ጠቅላላ ጉባኤ የጠራነው ከዚያ በኋላ ነው።

ልብ በሉ። ቀብዱ ቀደመ፣ ጉባኤው ተከተለ።

ቅዳሜ ማታ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ። ገና በማግስቱ የሚደረገውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ። "ጉባኤው በሰፊው ከተወያየ በኋላ በእግዚአብሔር ፈቃድ በሙሉ ድምፅ ወስኗል" ብዬ ጻፍኩ። ቀኑን ሞላሁ። ፊርማ የሚያርፍበትን መስመር አሰመርኩ። ያን ጊዜ ክፉ የሠራሁ አልመሰለኝም፤ ሥራ ያቀለልኩ ነው የመሰለኝ።

በማግስቱ ጉባኤው ላይ ሦስተኛው ረድፍ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። ነጠላቸው ከትከሻቸው እየተንሸራተተ ስላስቸገራቸው በግራ እጃቸው ይዘውታል፤ ቀኛቸውን ያነሣሉ። ሰብሳቢው አላዩአቸውም፤ ወይም ያዩ አልመሰሉም። እጃቸውን አወረዱ። ደግመው አነሡ። ሦስተኛ ጊዜ ሲያነሡ ሰብሳቢው "እናቴ፣ ሰዓት አልቋል፤ ነገሩ ተጸልዮበታል" አሉና ወደ ድምፅ አሰጣጡ ገቡ። እናትየዋ እጃቸውን አውርደው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሰዓት ያዡ እኔ ነበርኩ። ሰዓት አላለቀም ነበር።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ያዙኝ። "ልጄ፣ እዚያ አውቶቡስ ይደርሳል እንዴ?" አሉኝ። እንደማይደርስ አውቅ ነበር።

"እማማ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" አልኳቸው።

ይህች ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ እንቅልፍ ትነሣኛለች። አላውቅም ብል ውሸት ነው። አይደርስም ብል ያሳፍረኛል። ስለዚህ እግዚአብሔርን ፊት አቆምኩትና ከኋላው ተደበቅኩ። "የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ" የሚለውን ትእዛዝ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ስለ መሐላ ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ለካ እንዲህም ይጠራል።

የድሮ ሰዎች "እረኛ ምን አለ?" ብለው ይጠይቁ ነበር። አገር ሲከፋ፣ ዘመን ሊለወጥ ሲል፣ ንጉሡም መኳንንቱም ሜዳ ላይ ከብት የሚጠብቀው ልጅ ምን እያለ እንደሚያንጎራጉር ያስጠይቃሉ። ልጁ የሚፈራው ሹመት የለውም። የሚያጣው ርስት የለውም። ስለዚህ አደባባይ ላይ የማይባለው እሱ ጋ ይባላል። እግዚአብሔርም መናገር ቢፈልግ ከሚያጨበጭበው ባለሟል ይልቅ በዚህ ልጅ አፍ ሊናገር ይችላል ብለው ያምኑ ነበር። "መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ" የሚሉትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ዙፋን ላይ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ትሕትና ነው። ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ከብት ጠባቂ ምን አለ ብሎ መጠየቅ።

እኛ እረኛዋን "ሰዓት አልቋል" አልናት።

ይህችን "ተጸልዮበታል" የምትል ቃል እስቲ ደህና አድርገን እንያት። ማን ጸለየ? ስንት ቀን? ምን ብሎ ለመነ? ምን መልስ አገኘ? ቃሉ አይናገርም። ታምኖበታል፣ ተወስኗል፣ ተጸልዮበታል። ሁሉም አድራጊያቸው የማይታወቅ ግሦች ናቸው። አድራጊው ያልታወቀ ነገር ደግሞ ተጠያቂ የለውም። በእኛ በኩል እውነቱን ልናገር። የጸለይነው ስብሰባ ስንከፍት አቡነ ዘበሰማያት፣ ስንዘጋ አቡነ ዘበሰማያት ነው። "ይኩን ፈቃድከ" ብለን ተቀመጥን፤ ከዚያ ፓርኪንጉ ስንት መኪና እንደሚይዝ ቆጠርን። ጸሎቱ ትንሽ ነው እያልኩ አይደለም። ጌታ ራሱ ያስተማረው ጸሎት ነው። ግን "ፈቃድህ ይሁን" ያለ ሰው መልስ መጠበቅ አለበት። እኛ ጠየቅን እንጂ አልጠበቅንም።

አባቶቻችን የእግዚአብሔርን ፈቃድ ለማወቅ ሲሹ ሱባኤ ይገባሉ። ሱባኤ የገባ ሰው ምግቡን ይቀንሳል፣ ወሬውን ይቀንሳል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የራሱን ሐሳብ አውጥቶ ያስቀምጠዋል። መልሱ "አይሆንም" ሊሆን እንደሚችል አምኖ ነው የሚገባው። ቀብድ ከፍሎ ሱባኤ የሚገባ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ስለ ሕንፃ ካነሣን አይቀር ዳዊትን እናንሣው። ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 7 ላይ ያለውን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዳዊት እሱ በዝግባ ቤት ተቀምጦ ታቦቱ በመጋረጃ ውስጥ መኖሩ ከነከነው። ቤት ልሥራለት አለ። ሐሳቡ ቅዱስ ነው፤ ምን ክፋት አለው? ለነቢዩ ለናታን አማከረው። ናታንም "እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ነውና በልብህ ያለውን ሁሉ አድርግ" አለው። ነቢይ ነው ያለው! ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ይፈለጋል? እኛ ብንሆን በዚያው ቀን ከሥራ ተቋራጭ ጋር እንፈራረም ነበር።

በዚያች ሌሊት ግን የእግዚአብሔር ቃል ወደ ናታን መጣ። ቤቱን የሚሠራው ልጅህ ነው እንጂ አንተ አይደለህም ብለህ ንገረው አለው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ናታን ነው። ትናንት በሙሉ ልቡ "አድርግ" ብሎ፣ ዛሬ ንጉሡ ፊት ቆሞ የትናንቱን ማጠፍ ለነቢይ ቀላል አይደለም። ስም አለው፣ ክብር አለው፣ ቃሉን የሚጠብቅ ሕዝብ አለው። እኛ አንድ ጊዜ በማይክ የተናገርነውን ለማጠፍ ስንት ዓመት ይፈጅብናል? አንዳንዶቻችን እኮ ተሳስተናል ከማለት ቤተ ክርስቲያን ቢከፈል ይቀለናል። ናታን የፈጀበት አንድ ሌሊት ነው። ዳዊትም አልተቆጣም፣ ሌላ ነቢይ አልፈለገም። ገብቶ በእግዚአብሔር ፊት ተቀመጠና "እኔ ማን ነኝ?" አለ። ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ከሁሉ ይበልጥብኛል። ወርቁን፣ ብሩን፣ ናሱን፣ ብረቱን፣ የዝግባውን እንጨት አሰባስቦ ለሰሎሞን አስቀመጠለት። እሱ ለማይሠራው ቤት ዕቃ አዘጋጅቶ አለፈ።

ጥሩ ሐሳብና የእግዚአብሔር ፈቃድ አንድ አይደሉም። ይህን ለመማር እኔ 9 ዓመት ፈጅቶብኛል። ክፉ ሐሳብ ሲመጣብንማ እናውቀዋለን፣ እንሸሸዋለን። የሚያታልለን ጥሩው ነው። ጥሩ ስለሆነ ብቻ መጠየቅ አያስፈልገውም ብለን እንሮጣለን።

ወደ እናትየዋ ልመለስ።

አዲሱ ሕንፃ ገባን። እሳቸው ጥቂት ሳምንት ሰው እየለመኑ በመኪና መጡ። ከዚያ ቀሩ። ደግሞም ብቻቸውን አይደሉም፤ ከድሮው ሰፈር በአውቶቡስ ይመጡ የነበሩ 11 እናቶች ቀሩ። ስማቸውን አንድ በአንድ የቆጠርኩት ከዓመት በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ሪፖርት ላይ ግን "የአባላት ቁጥር ጨምሯል" ብዬ ጽፌያለሁ። ቁጥሩ ልክ ነበር። መኪና ያላቸው ጨምረው ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ከሌሊት ሥራ ስወጣ ቤታቸው ጎራ አልኩ። በሩን የከፈተችልኝ የልጅ ልጃቸው ናት። እማማ ሳሎኑ መሃል ቆመዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው ለብሰዋል። ጫማቸውን አውልቀው በር ሥር አስቀምጠውታል። ስልካቸውን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈው ቅዳሴ እየተከታተሉ ነው፤ የእኛኑ ቅዳሴ፣ በዩቲዩብ። ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል። ምስሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም እሳቸው ግን አያቋርጡም፤ ሕዝቡ የሚለውን በቃላቸው እየመለሱ ይቀጥላሉ። ምስሉ ተመልሶ ሲመጣ ዲያቆኑ እሳቸው የደረሱበት ላይ ነው። እስኪጨርሱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ቀን የለም።

ቡና ተፈላ። "እማማ፣ ያን ቀን እጅዎን ሲያወጡ ምን ሊሉ ነበር?" አልኳቸው። "አይ ልጄ፣ አለፈ እኮ" አሉ። ስጨቀጭቃቸው ነገሩኝ። በዚያ ጊዜ የሚሠሩት ጽዳት ነበር። ከሚያጸዱባቸው ቦታዎች አንዱ እዚያው አውቶቡስ መንገድ ላይ ያለ፣ ምእመኑ ያለቀበት የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሊሸጡት ነው ሲባል ሰምተዋል። "እርግጠኛ አልነበርኩም። አንድ ሰው ልካችሁ ጠይቁ ልላችሁ ነበር" አሉኝ።

ይሸጡልን ነበር? ዋጋው ይቀመስ ነበር? ላይሆንም ይችል ነበር። አልጠየቅንምና መቼም አናውቀውም። እኔ ግን ወር ሙሉ በደላላ ስንንከራተት የከረምነውን አሰብኩ። የቤተ ክርስቲያን ቁልፍ ቦርሳቸው ውስጥ የያዙ ሰው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

"ታዲያ ለምን ለብቻችን አልነገሩንም?" የሚል ይኖራል። እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። "ተጸልዮበታል ከተባለ በኋላማ እኔ ማን ነኝ?" አሉ። ዳዊት በእግዚአብሔር ፊት ተቀምጦ ያለውን ቃል፣ እኛ በእኛ ፊት እንዲሉት አደረግናቸው።

ስለ ልጆቹም ሳላነሣ አላልፍም። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቻችን እዚህ ተወልደው እዚህ ያደጉ ናቸው። አማርኛውን ቤት ውስጥ ይሰሙታል፣ ስብከት ሲሆን ግን ግማሹ ያመልጣቸዋል። ግእዙማ ጨርሶ። ከስብከቱ በኋላ 15 ደቂቃ በእንግሊዝኛ እንዲጨመርላቸው በደብዳቤ ጠየቁ። አሥራ ምናምን ፊርማ ያለበት፣ በሚያምር የልጅ የእጅ ጽሕፈት፣ በአማርኛ ለመጻፍ የለፉበት ደብዳቤ። "በሂደት ላይ ነው" ብዬ መለስኩ። ሂደት የሚባል ነገር አልነበረም። ደብዳቤው መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።

ዔሊ ካህን ሸምግሎ ዓይኑ ሲፈዝ እግዚአብሔር የጠራው ብላቴናውን ሳሙኤልን ነው። ዔሊ ብዙ ድክመት ነበረበት፤ የገዛ ልጆቹን እንኳ ከክፋታቸው አልከለከለም። ይህን አንድ ነገር ግን አደረገ። ልጁን "እኔ ሊቀ ካህናት እያለሁ አንተን ማን ይጠራሃል?" አላለውም። እንዴት እንደሚመልስ አስተማረው። ሲነጋ ደግሞ ጠርቶ "የነገረህን አትደብቀኝ" አለው። የሰማው በራሱ ቤት ላይ የተፈረደ ፍርድ ነበር። ከአንድ ልጅ አፍ። "እርሱ እግዚአብሔር ነው" ብሎ ተቀበለ።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ ያለውም የቋንቋ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጊዜ አናስተውለውም። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ "መበለቶቻችን በየዕለቱ ማዕድ ተረሱ" ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያት እኮ ጌታን በዓይናቸው ያዩ፣ መንፈስ ቅዱስ የወረደላቸው ሰዎች ናቸው። ተጸልዮበታል ማለት የሚችል ካለ እነሱ ናቸው። ግን ሕዝቡን ሁሉ ጠሩ። ሰባት ሰው ምረጡ አሉ። የተመረጡትን ስማቸውን አንብቡ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ኒቆላዎስ እያለ የሚሄደው ሰባቱም የግሪክ ስም ነው። ሥራው ቅሬታ ያቀረበውን ወገን ቋንቋ ለሚያውቁ ተሰጠ። ሊቀ ዲያቆናት ብለን የምናከብረውን ቅዱስ እስጢፋኖስን ያገኘነው ሰው ካጉረመረመ በኋላ ነው። ያን ቅሬታ መሳቢያ ውስጥ ቢከቱት ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

አሁን የምናገረው ትንሽ ይከብዳል። እኛ በስደት ያለን ሰዎች አለመሰማማት ምን እንደሚያስከፍል ከማንም በላይ እናውቃለን። በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሆነው ሲሾሙ ከእሳቸው በፊት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ በሕይወት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሲኖዶሱ የአገር ቤትና የስደት ተባለ። እዚህ ደግሞ ሦስተኛ፣ "ገለልተኛ" የሚባል ተጨመረ። በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ መንገድ ላይ፣ አንድ ዓይነት ቅዳሴ የሚቀድሱ ሦስት አጥቢያዎች ነበሩ፤ ሰዎቻቸው ግን ለቅሶ ቤት ሲገናኙ እንኳ ጎን ለጎን አይቀመጡም። ባልና ሚስት እሑድ ጠዋት በየፊናቸው ሲሄዱ አይቻለሁ። ሁላችንም የእግዚአብሔር ፈቃድ በእኛ በኩል ነው እንል ነበር። ከ25 ዓመት በላይ!

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሺንግተን ዲሲ ላይ እርቅ ወረደ። አቡነ መርቆሬዎስ አገራቸው ገቡ። ያን ሰሞን ያለቀስነውን እንባ ታስታውሳላችሁ? እኔ አንድ ለዓመታት ሰላምታ የነፈገኝን ሰው መንገድ ላይ አግኝቼ ተቃቅፈን ቆመን ቀርተናል። ሁለታችንም ምን እንደምንባባል ጠፋን። ያ ሁሉ ዓመት የሄደው እግዚአብሔር ዝም ስላለ አይመስለኝም። ታረቁ እያሉ በየጓዳው የሚያለቅሱ እናቶች ያን ሁሉ ዘመን ነበሩ። ማን ሰማቸው?

"ሁሉም ሰው ከተሰማ ምንም ነገር አይወሰንም" የምትሉኝ አላችሁ። ገብቶኛል። ጉባኤ ለመበጥበጥ ብሎ የሚመጣ ሰው አለ፤ እኔም አስተናግጄዋለሁ። ስብሰባው ሳያልቅ በስልክ ቀርጾ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚለቅም አለ። ሁሉ የሚባለው ይደረግ አላልኩም። መስማትና መታዘዝ ይለያያሉ። እማማን ሰምተን፣ ያን ሕንፃ ሄደን አይተን፣ "አልሆነም እማማ፣ ዋጋው አልቻልነውም፤ ግን ለእርስዎ መጓጓዣ እናስባለን" ብንላቸው ኖሮ ደስ ብሏቸው ይከተሉን ነበር። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ካላሸነፍኩ አይልም። ተሰማሁ ማለት ይበቃዋል።

ደግሞ ትሕትናን በቃላት አንጨርሰው። "እኔ ምናምንቴው፣ ኃጢአተኛው አገልጋያችሁ" ብሎ ጀምሮ አንድ ሰዓት ሙሉ ማይክ የማይለቅ ሰው ሆነን እናውቃለን። ሰበካ ጉባኤው በሚሰበሰብበት ክፍላችን ግድግዳ ላይ የሦስተኛው ፓትርያርክ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፎቶ አለ። በ1968 ዓ.ም. ሲመረጡ ጊዜው ክፉ ነበር፤ የቀደሟቸው አቡነ ቴዎፍሎስ በደርግ እጅ ታስረው ነበር። እሳቸው ወላይታ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ መናኝ መነኩሴ ናቸው። ፓትርያርክ ሆነውም በባዶ እግራቸው ነበር የሚሄዱት፤ በ1980 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ። የእኛ ፎቶ ከወገብ በላይ ስለሆነ እግራቸው አይታይም። እኔ ግን ያን ቅዳሜ የጻፍኩትን ቃለ ጉባኤ እሑድ ለፊርማ ሳቀርብ ቀና ብዬ እንዳላያቸው ፈራሁ።

በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ ላይ ካህኑ ወገባቸውን በፎጣ ታጥቀው፣ ዝቅ ብለው፣ በውኃ፣ በወይራና በወይን ቅጠል እግራችንን ያጥባሉ። ያን ቀን የማላለቅስበት ዓመት የለም። የእማማን እግር ሲያጥቡም አይቻለሁ፤ ቆሞ በመዋል ያበጠ፣ በጽዳት ሥራ ተረከዙ የተሰነጠቀ እግር። ያ ሥርዓት የሐሙስ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው የሚያመኝ። ሐሙስ እግራቸውን ያጠብንላቸውን ሰው ከፋሲካ በኋላ ባለው ጉባኤ ማይክ እንነፍጋቸዋለን።

ሰበካ ጉባኤ የተባለው ነገር ራሱ የተቋቋመው ለመሰማማት ነው። በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በ1965 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ካህናቱንም፣ ምእመናኑንም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችንም በአንድ ጠረጴዛ እንዲቀመጡ አድርጓል። ስሙንም ቃለ ዓዋዲ አሉት። ኢሳይያስ የጠቀሰው፣ በምድረ በዳ የሚጮኸው የአዋጅ ነጋሪ ድምፅ። የምንተዳደርበት ደንብ ስሙ ድምፅ ነው። ከምድረ በዳ የሚመጣ ድምፅ።

እንግዲህ የምለምናችሁን ልናገር። ትልቅ ነገር ስትወስኑ፣ ሕንፃም ይሁን፣ ካህን መቅጠርም ይሁን፣ ሰው ማሰናበትም ይሁን፣ ሐሳቡን ባቀረባችሁበት ቀን ድምፅ አታሰጡ። ቢያንስ አንድ ሳምንት ስጡት። በዚያ ሳምንት ሕዝቡ ሁሉ በእውነት ይጸልይበት፤ አቅም ያለው ይጹም። ናታንም አንድ ሌሊት አስፈልጎታል። ሒሳቡን ደግሞ ሰው ሳይጠይቅ አሳዩ፤ ተደብቆ የሚያዝ ሒሳብ ባለበት ስለ ትሕትና መስበክ አይሆንልንም። "ጸልየናል" ስትሉም ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንደሆነ ጨምራችሁ ተናገሩ። ከተሳሳታችሁ በዚያው በተናገራችሁበት ማይክ ተሳስተናል በሉ። ሕዝባችን ይቅር ባይ ነው።

እኔ ብያለሁ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ተነሥቼ ያን ቃለ ጉባኤ አነበብኩ፤ ከዚያ በእውነት የሆነውን ተናገርኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰብሳቢያችን ተቀይመውኝ ወጡ። ሁለት ወር አላናገሩኝም። ከዚያ አንድ ሐሙስ ማታ ደወሉልኝና "የእናቶቹን አድራሻ ላክልኝ" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እሑድ ሌሊት በራሳቸው መኪና ሁለቱን ይዘው መጡ። አንዷ እማማ ነበሩ። ሰብሳቢው በሩን ከፍተው፣ እጃቸውን ይዘው ሲያወርዷቸው አየሁ። ለብቻቸው ቆመው ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ መስማትም አልነበረብኝም።

ዛሬ ቫን አለን። ከ11ዱ 6ቱ ይመጣሉ። ሁለቱ በመካከሉ አርፈዋል፤ በሕይወት ሳሉ መድረስ ባልቻሉበት ሕንፃ ነው ፍትሐት የተደረገላቸው። ሦስቱ እምቢ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ልጆቹም 15 ደቂቃቸውን አግኝተዋል።

የሚቀጥለው ወር ጉባኤ አለን። አጀንዳው ከባድ ነው፤ ስለ ብድር ነው። እማማ እንደ ልማዳቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። ማይኩ ከኋላ ረድፍ እንዲጀምር ሰብሳቢው ራሳቸው ሐሳብ አቅርበዋል። አዲሱን ጸሐፊ ደግሞ እኔ አንድ ነገር ለምኜዋለሁ፤ ባዶ ወረቀት ይዞ እንዲገባ።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ